ከካርድ ወረፋው የሚቀድም ቫይረስ

ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ጉንፋን እንዴት እንደሚተላለፍ ሐኪም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ዝናቡ ሲመጣ ሹፌሩ በግራና በቀኝ የተጠቀለለውን ላስቲክ ቁልቁል ይለቀዋል። ከኋላ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከሹፌሩ ጎን ደግሞ አንድ ትርፍ ይጫናል። ከሂርማታ ገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ድረስ አምስታችን አንድ ትንፋሽ እየተቀባበልን እንሄዳለን። አንዷ ታስነጥሳለች። "ይማርሽ!" እንላለን ባንድ ድምፅ። "ያኑራችሁ" ትላለች። ምርቃቱ ደርሶናል። ቫይረሱም ደርሶናል።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ካለ ጉዞ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ማታውን ትኩሳቱ መጣ። ጠዋት ስነሳ ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ የዓይኔ ብሌን ሳይቀር ያመኝ ነበር። ተራ ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። ጉንፋን አፍንጫ ያፈሳል፣ ያስነጥሳል፣ ያነጫንጫል፤ ሥራ ግን ያስኬዳል። ይሄኛው በድንገት መጥቶ አልጋ ላይ የሚጥለው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን አይቀርም። "ሳይሆን አይቀርም" የምለው ስላልተመረመርኩ ነው። እዚህ ማን ለኢንፍሉዌንዛ ይመረመራል?

ሁለት ቀን ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ተኛሁ። ዳማከሴም ተጨምቆ መጣልኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጃኬት ደርቤ፣ እየተንገዳገድኩ ሰፈሬ ካለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነውና።

"ከባድ ጉንፋን ይዞኛል። ለቫይረስ የሚሆን ነገር አለህ?"

ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ከመደርደሪያው አዚትሮማይሲን አነሳ። "ሦስት ፍሬ ነው። በቀን አንድ አንድ። ይቆርጥልሃል።"

የሐኪም ማዘዣ አልጠየቀኝም። እኔም ማዘዣ የለኝም ብዬ አላፈርኩም። ሁለተኛውን ፍሬ በዋጥኩ ማግስት ላብ አጠመቀኝና ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ የአዚትሮማይሲን ማስታወቂያ ሆኜ ከረምኩ።

አዚትሮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ኢንፍሉዌንዛን አይገድልም፣ አያዳክምም፣ አይነካካውም። የተሻለኝ ቀኑ ስለደረሰ ነው። ሌላ ነገር ያልተደረበበት የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይለቃል። በዚያ ሰሞን ሦስት ፍሬ ከረሜላ ብውጥም ያው ነበር። ይህን ዘግይቼ ሳውቅ ያው አፈርኩ። ግን የጠየቅሁት ጥያቄ ራሱ ስህተት እንዳልነበረ ገባኝ። ለቫይረስ የሚሆን ነገር አለ ወይ? ካለስ ለምን አይደርሰንም?

"ቫይረስ መድኃኒት የለውም" የሚለው አባባል በሰው አፍ የቀረ የድሮ ወሬ ነው። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያራግፍ፣ በየሳምንቱ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ያን ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አሁን ለአብዛኛው ታካሚ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ያቺን ፍሬ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ልጁን ይድራል። ያ የቫይረስ መድኃኒት ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው የሚታዘዝለት አሲክሎቪርም የቫይረስ መድኃኒት ነው። ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪር አለ፤ ቫይረሱን ጨርሶ ባያወጣውም ያስተኛዋል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ከናካቴው የሚድን ሆኗል። የሦስት ወር ገደማ ኪኒን ከ100 ታካሚ ከ95 በላዩን ይፈውሳል።

ስለዚህ አለው። ችግሩ፣ የቫይረስ መድኃኒት እንደ ባክቴሪያው መድኃኒት እንደ አሞክሳሲሊን ለብዙው የሚሆን ነገር አለመሆኑ ነው። የኤች አይ ቪው ለኢንፍሉዌንዛ አይሆንም። የኢንፍሉዌንዛው ለኮቪድ አይሆንም። በአብዛኛው እያንዳንዱ ቁልፍ የሚከፍተው አንድ ጓዳ ነው።

ለምን እንደዚያ ሆነ ብትሉ፣ ባክቴሪያ የራሱ ጎጆ ያለው ፍጡር ነው። ግድግዳ አለው፣ ጓዳ አለው፣ ምግቡን ራሱ ያበስላል። አሞክሳሲሊን ግድግዳው እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ጎጆው ይፈርሳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው እኛ አንጎዳም። የብዙ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ስለሚመሳሰል ደግሞ አንዱ መድኃኒት ለብዙው ይበቃል።

ቫይረስ ቤት የለውም። ባዶ እጁን መጥቶ በእናንተ ምድጃ፣ በእናንተ ምጣድ፣ በእናንተ ሊጥ እየጋገረ ዘመዶቹን የሚጠራ እንግዳ ነው። እሱን እመታለሁ ስትሉ ምጣዱን ልትሰብሩት ትችላላችሁ። ምጣዱ የራሳችሁ ሕዋስ ነው። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት የለፉት አንድ ነገር ፍለጋ ነው፤ እንግዳው በኪሱ ይዞት የመጣ፣ የቤቱ ያልሆነ ዕቃ አለ ወይ? ገርትሩድ ኤልየንና ባልደረቦቿ ለሄርፒስ ቫይረስ አንድ አገኙ። አሲክሎቪር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚነቃው የሄርፒስ ቫይረስ የራሱ የሆነ ኢንዛይም ሲነካው ነው። ማለትም ቫይረሱ መርዙን በገዛ እጁ ይቀምማል። ኤልየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዷ ነበረች።

ኢንፍሉዌንዛ በኪሱ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ መቀስ ነው። ተባዝተው የሚወጡት አዳዲስ ቫይረሶች እንደ ማስቲካ ከሕዋሱ ቆዳ ጋር ይጣበቃሉ። ኒውራሚኒዴዝ የሚባለው መቀስ ቆርጦ ካልለቀቃቸው ወደ ሚቀጥለው ሕዋስ መሄድ አይችሉም። ኦሴልታሚቪር፣ በገበያ ስሙ ታሚፍሉ፣ መቀሱ አፍ ላይ ይሰነቀራል። ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ግን ይበልጥ ያስቀኛል። በእኛ አገር ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም። ሕዋስም እንደ ቀበሌ ነው። "ይሄን ፕሮቲን ሥሩ" የሚል ትእዛዝ ሲወጣ ራስጌው ላይ ማኅተም የመሰለ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ሠሪው ክፍል አይቀበለውም። ኢንፍሉዌንዛ ይህን ማኅተም ራሱ መሥራት አይችልም። ምን ያደርጋል? የእኛን ደብዳቤ ራስጌ ከነማኅተሙ ቆርጦ የራሱ ደብዳቤ ላይ ይለጥፋል። ፎርጅድ ነው በቃ። ሕዋሱም ማኅተሙን አይቶ "ትእዛዝ ነው" ብሎ የጠላቱን ፕሮቲን ይሠራል። ባሎክሳቪር የሚባለው መድኃኒት የሚይዘው ይህን ቆራጭ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃፓንና አሜሪካ ፈቀዱት። የሚዋጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ብልህ መድኃኒት ካለ ታዲያ ምን ቸገረን? ሰዓት ነው የቸገረን።

እነዚህ መድኃኒቶች መባዛትን ያቆማሉ እንጂ የተባዛውን አይጠርጉም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ የሚባዛው በጥድፊያ ነው። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቫይረሱ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ የሚያንቀጠቅጠን፣ የሚያቆራርጠን በአብዛኛው የራሳችን መከላከያ የከፈተው ጦርነት ነው። ለዚህ ነው ኦሴልታሚቪር ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀመር የሚባለው። ከዚያ በኋላ ለተራው ሕመምተኛ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር አስተያዩት። ኤች አይ ቪ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። መድኃኒቱን ዛሬ ጀመርከው በሚቀጥለው ወር፣ እዚያው ታገኘዋለህ። ቶሎ መጀመር ይሻላል፤ ግን የዘገየም ይጠቀማል። ኢንፍሉዌንዛ ሞተር ላይ ሆኖ ስልክ መንትፎ የሚሄድ ሌባ ነው። ፖሊስ ጠርተህ እስኪመጣ ሌላ ሰፈር ደርሷል። እኔ እንደሚመስለኝ በመድኃኒት የረታናቸው ቫይረሶች አብዛኞቹ የማይቸኩሉት ናቸው። የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ከመድኃኒት ይልቅ በሰዓት ነው የሚበልጡን።

አሁን 48 ሰዓቱን በእኛ ከተማ እንቁጠረው። የመጀመሪያው ቀን "ብርድ መታኝ" ነው። ብርድ ልብስና ትኩስ ነገር። ሁለተኛው ቀን "ምች ነው" ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ "አብሽር፣ ይለቅሃል" ይባላል። ሰዓቱ አለቀ። ሦስተኛው ቀን መድኃኒት ቤት። አራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ። ከዴዶ ወይም ከማና ለሚመጣ ሰው ደግሞ መኪና መጠበቁም አለ፤ ቡና ለቀማው ላይ ከሆነ ሥራ ጥሎ መምጣቱም አለ። ከዚያ ካርድ ይወጣል። ወረፋ ይጠበቃል። ሙቀት ይለካል። ደም ይሰጣል።

ደሙ በመጀመሪያ የሚታየው ለወባ ነው። በዚህ ማንም ቅር እንዳይለው። ከተማው ደጋ ቢመስልም ዙሪያው ቆላ አለ፤ የግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ደርሶ የመጣ ሰው ትኩሳቱን "ጉንፋን ነው" ብሎ ከተኛ በሕይወቱ ይቀልዳል። ወባ በጊዜ ከተገኘ የታወቀ መድኃኒት አለው። ስለዚህ ትኩሳት ካለ ወባ መጀመሪያ ይታይ።

ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወባ ከሌለ ብዙ ጊዜ "ታይፎይድና ታይፈስ" ይመጣል። ይህን ያልተባለ ሰው በከተማችን ካለ አሳዩኝ። ለዚህ የሚደረገው የቆየ የደም ምርመራ ሰውነት ከዚህ በፊት ለገጠመው ነገርም ሊያፏጭ ይችላል። ከዓመታት በፊት የገጠመህ ባክቴሪያ የተወው ምልክት ዛሬ "ታይፎይድ አለብህ" ያስብላል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው በዚህ መንገድ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ መርፌ ነው፤ መርፌ ደግሞ "ያነሳል" ይባላል። በማግስቱ ይሻለዋል፤ ቀኑ ደርሷላ። እኔ ለአዚትሮማይሲን እንደመሰከርኩት እሱም ለመርፌው ይመሰክራል።

ለኢንፍሉዌንዛ የሚደረግ ምርመራስ? አለ፤ ግን በአብዛኛው በተመረጡ ጤና ተቋማት ናሙና እየተወሰደ የትኛው ቫይረስ እየዞረ እንደሆነ ለመከታተል ነው። ለአገር ጠቃሚ ነው። አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ግን ውጤቱ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ከተነሳ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ "ሀብታም አገር ቢሆን እኮ" የሚል ቁጭት ይመጣል። ትንሽ ቀዝቀዝ እንበል። እንግሊዝ ወረርሽኝ ቢመጣ ብላ በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ ታሚፍሉ አከማችታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ገለልተኛ ገምጋሚዎች የጥናቶቹን ሰነድ ሁሉ ሰብስበው ሲያዩ፣ መድኃኒቱ አዋቂዎች ላይ የሕመሙን ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ነው ያወረደው። አሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ። ለአሥራ ሰባት ሰዓት ደግሞ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ትሸከማለህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ኦሴልታሚቪርን ያስቀመጠው በጠና ለታመሙት ነው፤ እሱንም በቅድመ ሁኔታ። ባሎክሳቪርን ደግሞ ገና በጠና ሳይታመሙ ወደዚያ የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ላለ ሰዎች። ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ ሦስት ቀን ተኝቶ የሚነሳ ከሆነ ምንም አላመለጠውም። እኔም አላመለጠኝም። ያመለጣቸው ሆስፒታል አልጋ ላይ ኦክስጅን የተደረገላት ነፍሰ ጡር፣ ልቡ የደከመ አዛውንት ናቸው። መድኃኒቱ ለከተማው መደርደሪያ ሁሉ ይታደል አልልም። ሆስፒታሉ ውስጥ በጠና ለታመመው፣ ከፈጣን ምርመራ ጋር ይኑር ነው የምለው።

ለተራው ጉንፋን ግን ሀብታምም የለውም። ራይኖ ቫይረስ የሚባለው ዋነኛው የጉንፋን አምጪ ብቻውን ከ160 በላይ ዓይነት አለው። ፕሌኮናሪል የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ለፈቃድ ቀርቦ ነበር። ሕመሙን በአንድ ቀን ገደማ አሳጠረ። ከወሊድ መከላከያ ኪኒን ጋር አለመስማማቱ ታየና ተመለሰ። ጉንፋን ልታቆም ብለህ ልጅ ብታመጣ ማን ይጠየቃል?

ኮቪድም ይኸው የሰዓት ነገር ነው። ፓክስሎቪድ የሚባለው የአምስት ቀን ኪኒን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር፣ ባልተከተቡና ለአደጋ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ሆስፒታል መግባትንና ሞትን በ89 በመቶ እንደቀነሰ በዋናው ጥናት ታይቷል። በውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሪቶናቪር፣ የድሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ሥራው ጉበት ዋናውን መድኃኒት ቶሎ እንዳያፈርሰው መያዝ ነው። በዚያው ልክ ሌሎች መድኃኒቶችንም ስለሚይዝ ከደም ማቅጠኛና ከመሳሰሉት ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው። እንደ አዚትሮማይሲን በመስኮት የሚቀበሉት ነገር አይደለም።

ወደ ባክቴሪያ መድኃኒት ልመለስ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው የሚወሳሰበው። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጨስ "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን። ልማዱን ብዙዎች የሚያያይዙት በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከሞቱ ሰዎች ተጠብቆ የቆየ የሳንባ ናሙና መረመሩ። አብዛኛው ሰው የሞተው ኢንፍሉዌንዛው ካደከመው በኋላ ተከትሎ በገባ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነበር። ቫይረሱ በሩን ሰብሮ ገባ፤ ባክቴሪያው በተሰበረው በር ተከተለው። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

እንግዲህ የባክቴሪያ መድኃኒት ቦታ ይኼ ነው። ሁለተኛው ዙር። ሕመምተኛው ተሽሎት ነበር፣ ተነስቶ ቡና ጠጥቶ ነበር፤ ከዚያ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ፤ ሲተነፍስ ጎኑን ይወጋዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያኔ ዳማከሴም ይቅር፣ መድኃኒት ቤትም ይቅር፣ ሐኪም ጋ ይኬድ። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ግን ብቻውን ምንም አይናገርም። ሰው ሁሉ አረንጓዴ ንፍጥ ሲያይ አሞክሳሲሊን ይፈልጋል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም ሌላ ጉዳይ ነው፤ አክታ ለቲቢ ይታይ።

እኔ በመጀመሪያው ዙር የዋጥኳቸው ሦስት ፍሬዎች የት ሄዱ? አንጀቴ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች አንጓለሉ። ደካሞቹ ሞቱ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተረፉ። የተረፉት የእኔ ብቻ አይደሉም፤ በእጅ፣ በውኃ፣ በመፀዳጃ ቤት የሰፈሩ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ቫይረስም ይለምዳል፤ አማንታዲን የሚባለው የመጀመሪያው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 ተፈቅዶ፣ በ2006 ቫይረሱ ስለለመደው "ተዉት" ተብሏል። አርባ ዓመት።

ስለ ቤት ውስጥ መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ማር ሳልን ያለሰልሳል፤ ይህን ጥናትም ይደግፈዋል፤ የጅማ ማር ከሆነማ ሳይታመሙም ይላሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልኩ። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ነገር ሊያስከትል ይችላል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት አፍንጫ ይከፍት ይሆናል፤ እኔን የሚያስፈራኝ የፈላው ድስት ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በላዩ የሚያጎነብስ ልጅ ይቃጠላል። በርጫ ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጥሎ፣ አንድ ጆግ ውኃ በአንድ ብርጭቆ ለስድስት ሰው። አንዱ ከሳለ በማግስቱ ስድስቱም ይስላሉ። መስኮቱ ቢከፈት ምርቃና አይጠፋም።

ይህን ሁሉ አውቄያለሁ ብዬ በምኮራበት ሰሞን፣ መስከረም ላይ፣ አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። የሰባት ወር ልጇን ታቅፋለች።

"ጋሼ፣ ልጁ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ዛሬ ትንፋሹ አላማረኝም።"

የሕፃናት ነገር ለብቻው ነው። አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ አለ። እኛን አዋቂዎቹን አፍንጫ አስነፍጦ ይሄዳል። የሕፃን ሳንባ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ግን ይደፍናል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 100,000 የሚሆኑ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ይገድላል፤ ከ100ው ከ97 በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። እንደ ልብ የሚታዘዝ ፀረ-ቫይረስ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሌላ በር ተከፍቷል፤ ነፍሰ ጡር እናት ትከተብና መከላከያውን ለልጇ ታወርሳለች፤ ወይም ሕፃኑ ሲወለድ የተዘጋጀ መከላከያ በመርፌ ይሰጠዋል። ብልሃቱ ግልጽ ነው። ከሰዓቱ ጋር መሽቀዳደም ካቃተ ቀድሞ ማደር ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ጀምረውታል። የእኛን ሕፃናት እስኪደርስ ግን የቀረን መሣሪያ ዓይንና ሰዓት ነው።

"እስቲ ልብሱን ግለጪው" አልኳት። ስልኬን አውጥቼ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዝኩ። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ቆጠርኩ። ሃምሳ ስድስት። ከሁለት ወር በታች ላለ 60፣ እስከ ዓመቱ 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40። ከዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ትንፋሹ ፈጣን ነው። የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ አይጎደጉድም። ጡት ይጠባል። ቢሆንም ሃምሳ ስድስት ነው።

ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። የባጃጁን ላስቲክ እንዲጠቀልለው ሹፌሩን ለመንኩት፤ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም፣ እሱ ግን ለአቧራው ብሎ ጥሎታል። ነርሷ እንደገና ቆጠረች። ሃምሳ አራት። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረገች፣ ደህና ነው። ወባ አየች፣ የለም። ከዚያ አሞክሳሲሊን ጻፈች። በውኃ የሚሟሟውን፣ ለአምስት ቀን።

አፌን ልከፍት ነበር። ቫይረስ ቢሆንስ? አርኤስቪ ሊሆን ይችላል እኮ። ግን ነርሷ የትኛው እንደሆነ የምታውቅበት መሣሪያ የላትም። እኔም የለኝም። ፈጣን ትንፋሽ ያለው ሕፃን ላይ ባክቴሪያ አይደለም ብሎ መወራረድ በልጁ ሕይወት መወራረድ ነው። መመሪያውም የተጻፈው ለዚህ ነው። ከአሥር ሕፃናት ምናልባት ለብዙዎቹ አያስፈልጋቸው ይሆናል፤ ለየትኞቹ እንደሆነ ግን ማንም አይነግራትም። እኔ በሦስት ፍሬ የቀለድኩበት የባክቴሪያ መድኃኒት እዚህ ጋ ቀልድ አልነበረም። አፌን ዘጋሁ።

ማታ ቤታቸው ሄጄ ነበር። እናትየው ኪኒኗን የቡና ሲኒ ውስጥ ጥላ፣ በፈላ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሟችው። ትንሽ አረፋ ሠራ። በሻይ ማንኪያ ስትሰጠው ግማሹን መልሶ አገጩ ላይ አፈሰሰውና ፊቱን አጨማደደ። በማንኪያው ጫፍ ከአገጩ ላይ ሰብስባ መልሳ ሰጠችው።